የባቡር ልጆች

በ1894 ዓ.ም. ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ከሐረር ተራሮች ግርጌ የደቻቱ ወንዝ ያልፋል። በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ደጋው ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን በድንገት ሞልቶ ይወርዳል። የወንዙ ዳር የኢሳ ሶማሌና የኖሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመላቸውን የሚያሰማሩበት ሜዳ ነበር። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚያ ሜዳ ላይ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ግሪኩ ሆቴል ከፈተ፤ አርመኑ፣ ሕንዱና የመናዊው ዓረብ ሱቅ ተከሉ፤ ከሸዋ፣ ከጉራጌና ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎልማሳ አካፋና ዶማ ይዞ ለቀን ሥራ ተሰለፈ። ከእነዚህ መካከል አገሩን ቢጠይቁት የዚያን ሜዳ ስም የሚጠራ አልነበረም። ልጆቻቸው ግን ሲጠየቁ "የድሬ ልጅ ነኝ" አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ የሚሉት ያንኑ ነው።

ከተሞቻችን አብዛኞቹ የተቆረቆሩት ወይ በቤተ መንግሥት፣ ወይ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ ወይ በቆየ ገበያ ዙሪያ ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ነው። ነዋሪዎቿ በዘር ወይም በሃይማኖት ከመዛመዳቸው በፊት በሥራ ተዛመዱ፤ ማንነታቸውንም የቀረጸው ይኸው ነው። ሐዲዱ ሲመጣ ምን እንደሰጣቸውና ሲዳከም ምን እንደወሰደባቸው ማየት ደግሞ ለውጥ ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚሠራ በቅርብ ማየት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ የመሥራትን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡ ጊዜ ነው። ኢልግ ለብዙ ዓመታት የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረ ሰው ነው፤ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዮን ሸፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያውን አቋቋመ። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ሥራ ተጀመረ። የመጀመሪያው ግብ ሐረር ነበረች። የምሥራቁ ንግድ እምብርት እሷ ነበረችና ባቡሩ ወደሷ መሄዱ የሚያጠራጥር አይመስልም ነበር። ችግሩ ተራራው ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነች። ኩባንያው በበረሃው ሥራ ገንዘቡን ጨርሶ ስለነበር ያንን ዳገት ለመውጣት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ሐዲዱ ከታች ቀረ። አዲሱን ሰፈር መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ብለው ሰይመውት ነበር፤ ሐረር ወደ ባቡሩ ካልመጣች ስሟ ይምጣ እንደማለት ነው። ስሙ አልቆየም፤ ንግዱ ግን እውነትም ወረደ።

ለሐረር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዘይላና ከበርበራ የሚመጣው ሲራራ በጀጎል ግንብ በአምስቱ በሮች እየገባ፣ ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙና የዝሆን ጥርሱ በዚያው እየወጣ ለዘመናት የኖረ ከተማ ነው። ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ የሐረርጌ ቡና በበቅሎና በአህያ ወደ ድሬ መውረድ ጀመረ። የውጭ አገር ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ይዘው ቁልቁል ሄዱ። ቤታቸው ጀጎል ውስጥ ሆኖ ሱቃቸው ድሬ የሆነ የሐረሪ ቤተሰቦች በረከቱ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የአንድ ቤተሰብ ሁለት ክፍል ማገናኛ ሆነ።

ከሐረርም በላይ የተጎዱ ግን ነበሩ። ከባቡሩ በፊት ከባሕር ዳርቻ ወደ መሃል አገር ዕቃ የሚያደርሱት የአፋርና የኢሳ ግመለኞች ነበሩ። በየጎሳው ግዛት ነጋዴውን ተቀብሎ፣ ጠብቆና መንገድ መርቶ የሚያሻግር ሰው አባን ይባላል፤ ክፍያውም ክብሩም የሱ ነው። አንድ ነጋዴ ያለ አባን በረሃውን ልሻገር ቢል ዕቃውንም ነፍሱንም ለአደጋ ይሰጥ ነበር። ሐዲዱ ያንን ሁሉ ሥራ በአንድ ጊዜ ከእጃቸው ነጠቀ። በግንባታው ዘመን የሥራ ጣቢያዎች የተጠቁት፣ ሠራተኞች የተገደሉት፣ ሐዲድና ሽቦ የተነቀለው በዚህ የተነሣ ነው። በዘመኑ የአውሮፓውያን ጽሑፎች እነዚህ ሰዎች "ሽፍታ" ተብለው ያልፋሉ። ይህ ፍርድ ተገቢ አይደለም። መሬቱ የነሱ ነበር፤ እንጀራቸውም ያ መንገድ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃቸው መንገዱ ተቀየረ። የባቡሩ ታሪክ ሲነገር አባኑ ካልተነሣ ታሪኩ ግማሽ ነው።

ሐዲዱ ድሬ ከደረሰ በኋላ ለዓመታት ወደፊት አልሄደም። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ጉዳይ እጁን ማስገባቱ ምኒልክን አስቆጣ፤ እንግሊዝና ጣሊያንም የየድርሻቸውን ጥያቄ አነሡ። ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን ተሰጠና የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ የሚባለው ተመሠረተ።  ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መዘግየቱ ለመንግሥት ራስ ምታት ቢሆንም ለድሬዳዋ ግን ሲሳይ ሆነላት። የመስመሩ መጨረሻ በሆነችባቸው ዓመታት ለሸዋ የሚሄደው አቡጀዲ፣ ስኳር፣ ጠብመንጃና ማሽን ሁሉ ድሬ ላይ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፤ ከሸዋ የመጣው ደግሞ እዚያው ወደ ፉርጎ ይወጣል። አራጋፊው፣ ጫኙ፣ ደላላው፣ አስተርጓሚው፣ መጋዘን ጠባቂው፣ ምግብ ሻጯ ሁሉ ሥራ አገኙ። ዛሬ ከተማዋ የነጋዴ ከተማ የምትባልበት ጠባይ የተገኘው በነዚያ ዓመታት ነው።

መስመሩ ሲጠናቀቅ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ከመሃል አገር የሚወጣና ወደ መሃል አገር የሚገባ ሰው ሁሉ፣ አምባሳደሩም ሐጅ የሚሄደውም ወታደሩም፣ ቢያንስ አንድ ቀን የድሬን እንጀራ ይበላል ማለት ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ለስደት ከአዲስ አበባ የወጡትም በዚሁ ባቡር፣ በዚሁ መስመር ነው።

ከተማዋ ግን አንድ ወጥ አልነበረችም። ከደቻቱ በአንዱ በኩል ከዚራ ተሠራች፤ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ የዛፍ ጥላ፣ የኩባንያው ቢሮዎችና የሹማምንቱ ቪላዎች። በሌላው በኩል መጋላ፤ ጠባብ ቅያሶች፣ መስጊዶች፣ ገበያና ጎን ለጎን የተጣበቁ ግቢዎች። ከዚራ የፈረንጅና የባለ ደመወዝ፣ መጋላ የነጋዴና የወዛደር ሰፈር ሆኖ ኖረ። በኩባንያውም ውስጥ ላይኛውን ወንበር የያዙት ለረጅም ጊዜ ፈረንሳውያንና ሌሎች አውሮፓውያን ነበሩ። ኢትዮጵያ ግማሹን ድርሻ ያገኘችውና ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ እንዲሆን የተወሰነው በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ነው።

እንዲህም ሆኖ የባቡር ሠራተኛ መሆን ራሱን የቻለ ማዕረግ ነበር። በዘመኑ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከእርሻና ከንግድ ሌላ ኑሮ በማያውቅበት ጊዜ ሸመንደፈር በሚባለው የባቡር ኩባንያ ሥራ የገባ ሰው ወር ጠብቆ ደመወዝ ይቀበላል፤ በጡረታም ይጦራል። ልጃገረድ ያላቸው ወላጆች የሚመርጡት አማች ነበር። ሥራው የሚካሄደው በፈረንሳይኛ ስለሆነ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው እንኳ የመሣሪያውን፣ የፉርጎውንና የምልክቱን ስም በፈረንሳይኛ ያውቃል። ከአለቃው ጋር ፈረንሳይኛ፣ ከባልደረባው ጋር አማርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ከየጣቢያው ሰው ጋር ሶማሊኛ ይናገራል።

በጥገና ግቢው ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ተፈጠረ። ድሬዳዋ የመስመሩ ትልቁ የጥገና ማዕከል ነበረች። ባቡሮቹ ከተለያየ አገርና ዘመን የመጡ ናቸው፦ በእንፋሎት የሚሄዱት፣ በጣሊያን ጊዜ የገቡት ሊቶሪናዎች፣ በኋላም የናፍጣዎቹ። መለዋወጫ ከአውሮፓ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ይወስዳል፤ የአንዳንዱ ፋብሪካ ደግሞ ጭራሽ ተዘግቷል። ስለዚህ የድሬ ባለሙያ የተሰበረውን ብረት አምጥቶ ይለካል፣ ቅርጹን በእንጨት ይሠራል፣ በአሸዋ ውስጥ አትሞ የቀለጠ ብረት ያፈስበታል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በቶርኖ ይልገዋል፤ ከመጀመሪያው ጋር እስኪገጥም ይሞርደዋል። በዚህ ሁኔታ የ50 ዓመት ባቡር በእጅ በተሠራ ዕቃ ይሄድ ነበር። ዕውቀቱ ከአባት ለልጅ፣ ከአጎት ለወንድም ልጅ ይተላለፋል። አያቱ ሐዲድ የነጠፈ፣ አባቱ ባቡር የነዳ፣ እሱ ደግሞ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ድሬ ውስጥ ማግኘት ብርቅ አልነበረም። የኢትዮጵያ የሠራተኛ እንቅስቃሴ ታሪክም ሲጻፍ የባቡር ሠራተኞች ከፊት የሚሰለፉ ናቸው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ከመመሥረቱ ከብዙ ዓመታት በፊት እነሱ ተደራጅተው መብታቸውን ይጠይቁ ነበር።

ባቡሩ ያኖረው ግን ደመወዝተኛውን ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ የሚመጣውን ልብስ፣ ሽቶ፣ ሬዲዮና ሩዝ ይዘው የሚመላለሱ ሴቶች ነበሩ፤ ሕጉ ኮንትሮባንዲስት ይላቸዋል፣ ሰፈሩ ግን ነጋዴ ነው የሚላቸው። ፊናንስ ፖሊስ ፉርጎ ለፉርጎ እየዞረ ይፈትሻል። እሷ ሦስት ቀሚስ ደራርባ፣ ከሥሩ ጣቃውን በወገቧ ጠምጥማ፣ ነፍሰ ጡር መስላ ትቀመጣለች። ሳትያዝ ከቀረበች ባቡሩ ወደ ከተማው ሲጠጋ ፍጥነቱን በሚቀንስበት ቦታ ጥቅሉን በመስኮት ትወረውራለች፤ ከታች የሚጠብቅ ልጅ አንሥቶ ይሮጣል። አንዳንዴ ይወረሳል፤ የወር ልፋት በአንድ ፍተሻ ይጠፋል። አንዳንዴ ያልፋል፤ ያለፈው አሸዋ ወይም ታይዋን በሚባሉት ገበያዎች ይሸጣል፤ ልጆች ይማሩበታል። ከአዲስ አበባና ከሐረር ሸማቹን ወደ ድሬ ለዓመታት የሳበው ይህ ንግድ ነው። መንግሥት ያጣውን ቀረጥ መቁጠር ይቻላል፤ በዚያ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ የገባውን ልጅ ግን የቆጠረ የለም።

ልጆቹ ያደጉት በዚህ መሃል ነው። ግቢው ውስጥ የአፋን ኦሮሞ፣ የሶማሊኛ፣ የአማርኛ፣ የሐረሪኛና የዓረብኛ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱን ቋንቋ ጀምሮ በሌላው መጨረስ የሚያስገርም ነገር አልነበረም። ጠዋት ፈጢራ፣ በረመዳን ሳምቡሳና ሙሸበክ፣ በገና ዶሮ ወጥ፤ የጎረቤት ልጅ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ከሁሉም ይበላል። አርቲስት አሊ ቢራ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። በ1950ዎቹ ድሬ ውስጥ ከተቋቋመው ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ተነሥቶ የኦሮምኛ ዘመናዊ ሙዚቃ አውራ ሆነ፤ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪኛና በዓረብኛም ዘፍኗል። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ያዘነው የአንድ ወገን ሰው ብቻ አልነበረም። ሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ድምፃዊ አታፈራም ማለት አይደለም፤ ድሬ ላይ ግን አምስት ቋንቋ መዝፈን ሰፈርን መዝፈን ነበር።

መከራውም በሐዲዱ በኩል መጣ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራውን ሲጀምር ድልድዮች ፈነዱ፤ ባቡሩ ለብዙ ወራት ቆመ። በነሐሴ ወር ውጊያው ከተማዋ ደጃፍ ደረሰ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ ነጻ ወጥታ ስለነበር ኩባንያው በኋላ የሁለቱ አገሮች የጋራ ሀብት ሆነ። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ከድልድይ ላይ ወደ ገደል ወረዱ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። በመስመሩ ላይ የሚኖር ሰው በሙሉ የሚያውቀው ሰው የሞተበት ያህል ነበር።

ሐዲዱን የገደለው ግን ጦርነትም አደጋም አይደለም። አስፋልትና የጭነት መኪና ነው። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለባቡሩ ወርቃማ ዘመን ሊሆን የሚገባው ነበር። ነገር ግን ሐዲዱ አርጅቷል፣ አንድ ሜትር ስፋቱ ለከባድ ጭነት አይበቃም፣ ለጥገና የሚመደበው ገንዘብ አነስተኛ ነው። ዕቃው በተሳቢ መኪና አለፈ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቀረ። ከድሬ ጅቡቲ ያለው ትንሽ ቆይቶ እሱም ቆመ።

የመጀመሪያው ጉዳት የታየው በትናንሾቹ ጣቢያዎች ነው። ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ በሌላው አቅጣጫ ሺኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ። ባቡር ሲደርስ ብርቱካን፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይና የግመል ወተት ይዘው ወደ መስኮት የሚሮጡ ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ የብዙ ቤት የዕለት ገቢ የባቡሩ የ15 ደቂቃ ቆይታ ነበር። ከአስፋልቱ ርቀው ለቀሩት ጣቢያዎች ሌላ መንገደኛ አልመጣላቸውም። ድሬ ራሷ ትልቅ ስለሆነች አልወደቀችም፤ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የጫት ንግድ፣ ደረቅ ወደብ ያዛት። የሐምሌ 1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት ሲወስድባትም ተነሥታለች። የተጎዳው ባለሙያው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ቀን የማይፈለግ ዕውቀት ባለቤት ሆነ። ልጁ ባጃጅ ገዝቶ ይነዳል ወይም ውጭ አገር ሄዷል።

በዚሁ ዘመን የ"ድሬ ልጅ" መልስም ፈተና ገጠመው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አገሪቱ በብሔር ስትዋቀር ድሬዳዋን የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ይገባኛል አሉ። ከተማዋ በፌዴራል መንግሥት ሥር ሆነች፤ በ1996 ዓ.ም. ቻርተር ተሰጣት። ሥልጣኑ "40፣ 40፣ 20" በሚባል ቀመር ተደለደለ፤ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌላው። የኢሳውም የኖሌውም የመሬት ጥያቄ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሜዳው ከሐዲዱ በፊት የማን እንደነበር የታወቀ ነው። ነገር ግን አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ፣ አያቱ ሐረሪ የሆነ የባቡር ሠራተኛ ልጅ በቀመሩ ውስጥ የቱ ጋ እንደሚቆም የሚያሳይ ሳጥን የለም። እሱ ያለው መታወቂያ ሰፈሩና የአባቱ ሥራ ነበር። ባለፉት ዓመታት በከተማዋ በተደጋጋሚ የተነሡት ግጭቶች፣ በአንድ ቅያስ ያደጉ ወጣቶች በየወገናቸው ተሰልፈው ድንጋይ ሲወራወሩ የታዩበት ጊዜ፣ ለትልልቆቹ የድሬ ሰዎች ከጎርፉ ያላነሰ ሐዘን ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ ሐዲዱ ሰፊ፣ ፍጥነቱም ከአሮጌው ጋር የሚወዳደር አይደለም። መጀመሪያ ላይ ቻይናውያን ነበሩ የሚነዱትና የሚያስተዳድሩት፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው በኢትዮጵያውያንና በጅቡቲያውያን እጅ ነው። አገሪቱ ይህ መስመር ያስፈልጋታል፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን የአዲሱ ባቡር ጣቢያ የተሠራው ከከተማው ውጭ ነው። መንገደኛው ከባቡር ወርዶ በመኪና ወደ ከተማ ይገባል። ጥገናውም ቢሮውም ከከዚራ ጎዳና ጋር አይገናኝም። የቀድሞው ጣቢያ ከተማ ወልዷል፤ የአሁኑ ከተማ አጠገብ ያልፋል። ልዩነቱ የፍጥነት አይደለም፤ ሰው የሚያድርበት፣ ዕቃ የሚገለበጥበት፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት ቦታ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

የአሮጌው መስመር የጥገና ግቢ እስካሁን ድሬ ውስጥ አለ። የኩባንያው መዝገቦች በፈረንሳይኛ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ ተመራማሪዎችም ሠርተውባቸዋል። መዝገቡ የማይናገረው ግን ብዙ ነው። የእንፋሎቱን ባቡር የነዱት አልፈዋል፤ የናፍጣውን የነዱት፣ ብረቱን ያፈሰሱት፣ በየጣቢያው ደወል የመቱት፣ ከፊናንስ ጋር የተሯሯጡት እናቶች አርጅተዋል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መቅረጫ ይዘው ሊጠይቋቸው የሚገባ ነገር አለ፦ የትኛው ቁራጭ ብረት በማን እጅ ተሠራ? አዋሽ ላይ ያ ባቡር በወደቀ ጊዜ መጀመሪያ የደረሰው ማነው? በ1969 ድልድዮቹን መልሶ የጠገነው ቡድን ውስጥ እነማን ነበሩ? ጨርቁን በየትኛው ኩርባ ላይ ነው የምትወረውሩት የነበረው?